በሁለት ፈተና መካከል

«ፈቃድ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ቤቱ በሰው ውስጥ ነው፤ መሻት፣ ቁርጥ ሐሳብ፣ «በገዛ ፈቃዱ አደረገው» ሲባል የሚሰማው። ሁለተኛው ቤቱ ከሰው ውጪ ነው፤ ሌላው ሲሰጥ የሚገኝ፣ ሌላው ሲነፍግ የሚቀር፣ በማኅተም የሚጸና፤ የንግድ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የሕክምና ሙያ ፈቃድ የሚባለው። «ፈተና»ም እንዲሁ መንታ ነው። የተማረ ሰው የሚመዘንበት ጥያቄ ነው፤ ሰውን ከቀና መንገዱ ሊያስወጣ የሚመጣ መከራና መደለያም ነው። እነዚህ መንታ ቃላት በአንድ ሰው ላይ ተደርበው የሚታዩበት ጊዜ ቢኖር፣ የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ የተመረቀ ወጣት የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ወድቆ እንደገና ለመፈተን ሲነሣ ነው። የዚህ ሰው የውስጥ ፈቃድ ጠንካራ ነው። ለመሆኑ የውስጡ ፈቃድ መጽናት የውጪውን ፈቃድ ያስገኛልን? ጽናት ብቻውን ሰውን ለበሽተኛ አልጋ ያበቃዋልን?

ሠዓሊ ሸራውን ሃያ ጊዜ ቢያበላሽ የሚከስረው ሸራና ቀለም ነው። ሃያ አንደኛው ቢያምርለት ሃያዎቹ ይረሳሉ፤ እንዲያውም የሕይወት ታሪኩ ማድመቂያ ይሆናሉ። ደራሲ የመጀመሪያ ድርሰቱን ቢያቃጥል አንባቢ አይሞትም። ኪነ ጥበብ ውድቀትን በቀላሉ ይቅር የሚለው ስለዚህ ነው። የሐኪምን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ስሕተቱ በሌላ ሰው ገላ ላይ የሚጻፍ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ የሐኪሞች የፈቃድ ፈተና ረጅም ዕድሜ የለውም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ከዚያም በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም፣ ተማሪው ጥቂት፣ መምህሩም እያንዳንዱን ተማሪ በስሙና በእጁ አሠራር የሚያውቅ ስለ ነበረ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ራሱ በቂ ምስክር ነበር። ጊዜው ሲገፋ የትምህርት ቤቱም የተማሪውም ቁጥር በዛ። በ2004 ዓ.ም. ብቻ አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተጀመረ፤ ነባሮቹም ቅበላቸውን አሰፉ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ነበርና ውሳኔው ያለ ምክንያት አልተወሰነም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ሲበዛ መምህር ተማሪውን በስሙ ማወቁ እየቀረ ሄደ፤ የአንዱ ትምህርት ቤት ምሩቅ ከሌላው ጋር እኩል መሆኑን የሚያረጋግጥ የጋራ ሚዛንም ታጣ። ቀደም ብሎ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 የጤና ባለሙያ ያለ ሙያ ፈቃድ እንዳይሠራ ደንግጎ ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጤና ሚኒስቴር ተመራቂዎች የሚቀመጡበትን አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና መስጠት ጀመረ። ተፈታኞቹ በተለምዶ «ሲኦሲ» ይሉታል።

በዚህም ምክንያት በኅብረተሰቡ ውስጥ ቀድሞ ያልነበረ ሰው ተፈጠረ። ተማሪ እንዳይባል ተመርቋል፤ ሐኪም እንዳይባል ፈቃድ የለውም። ጋዋኑን ለብሶ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ ጋዋኑን ለብሶ መሥራት ግን አይችልም።

ይህ ሰው በሐሳብ በመንዝ ይቁም፤ የመሐል ሜዳ አካባቢ ልጅ ነው ይባል። ቤተሰቡ በውርጭ መካከል ገብስ ያርሳል፤ በግ ያረባል። እናቱ የፈተለችው የበግ ጠጉር ባና ሆኖ ተሸጦ የደብተርና የመሳፈሪያ ገንዘብ ሆኖለታል። በተመረቀ ሰሞን መንደሩ ሌላ ፈተና እንዳለ አያውቅምና «ዶክተር» ብሎ ሾሞታል፤ የመንደር ሹመት ከመንግሥት ሹመት ይቀድማል። አባቱም በገበያ «የዶክተሩ አባት» መባል ጀምሯል። ውጤቱ ሲመጣ ልጁ ወድቋል። ምን ይላል? «ምደባ እየጠበቅሁ ነው» ይላል።

ይህች አጭር ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነገር ሐሰት አትመስልም። ከስድስት ወር በኋላ እንደሚያልፍ እርግጠኛ የሆነ ሰው እውነትን ጥቂት ቀድሞ የተናገረ ያህል ይሰማዋል። በሁለተኛው ውድቀት ቃሏ ትከብዳለች። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ ቤት መምጣት ያቆማል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል፤ ስልክ ሲደወል «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በየጤና ጣቢያው ከበሽተኛ ጋር ሲነጋገሩ ከሚደጋገሙት ብሂሎች አንዱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ነው። ወጣቱ ሐኪም በተግባር ልምምዱ ጊዜ ይህን ለስንት ገበሬ ተናግሮታል! የገዛ ራሱን ግን ደብቆታል። ደብቆት በመኖሩም ሊረዳው የሚችለው ሁሉ ሳይረዳው ይቀራል፤ የክፍል ጓደኛው አያስጠናውም፤ መምህሩ የት ላይ እንደሚሳሳት አይነግረውም፤ አባቱም ገበያ ወጥቶ ሳያውቀው የልጁን ሐሰት ይደግማል።

እንዲህ ያለ ሰው ሲጽናና ሁልጊዜ የሚነገረው የቅዱስ ያሬድ ትል ነው። ትምህርት እንቢ ብሎት፣ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ቅጣት ሸሽቶ በማይኪራህ ከዛፍ ሥር የተቀመጠው ሕፃን፣ ወደ ዛፉ ልትወጣ የምትታገል ትል አየ፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች፤ እርሱም ይህን አይቶ ተመልሶ ተማረ ይባላል። ትውፊቱ ያማረ ነው፤ በአገሪቱ ይህን ሳይሰማ ያደገ ተማሪ አይገኝም ማለት ይቻላል። በሐኪም ላይ ሲነገር ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ትሏ ስድስት ጊዜ ስትወድቅ የምትወድቀው መሬት ላይ ነው፤ ከሥሯ የተኛ ሰው የለም። ቅዱስ ያሬድም ዜማውን ባያገኘው ኖሮ የሚቀረው ዜማው ነበር። የሐኪሙ ዛፍ ሥር ግን በሽተኛ ተኝቷል። ጽናት ለትሏ ሙሉ ምግባር ነው፤ ለሐኪሙ ግማሽ ነው።

የተኛችው ማን ናት? ጊሼ ራቤል ላይ ከገጠር ቀበሌ በቃሬዛ የመጣች ወላድ ትሁን። ሕፃኑ ተወልዷል፤ ደሙ ግን አልቆመም። የመንዝና የጊሼ ደጋ በወንጪትና በአዳባይ ገደሎች የተቆራረጠ አገር ነው፤ ከአንዱ አምባ ሌላው አምባ ላይ ያለው ሰው ሲጣራ ይሰማል፤ ወርዶ ለመውጣት ግን የቀን ጉዞ ይጠይቃል። መርሐቤቴም እንዲሁ ነው። ከሙከ ጡሪ በለሚ በኩል የመጣ መንገደኛ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ካልወጣ ዓለም ከተማ አይደርስም። በዚህ ምድር ላይ «ወደ ተሻለ ሕክምና መላክ» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ያለውን ትርጉም አይዝም። የአዲስ አበባ በሽተኛ አንዱን ሐኪም ቢጠራጠር ሌላውን ይጠይቃል። ራቤል ላይ የተኛችው እናት የምታገኘው በዚያች ሌሊት ተረኛ የሆነውን አንዱን ነው። ስሙን አታውቅም፤ የት እንደ ተማረ አትጠይቅም፤ ስንት ጊዜ እንደ ወደቀም አታውቅም። የምታምነው እርሱን ሳይሆን እዚያ ያስቀመጠውን ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ለሐኪሙ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ መምረጥ ለማትችል ሴት የተገባ ቃል ነው።

ዱሮ እንዲህ ያለ ቃል በወረቀት አይገባም ነበር። ወጌሻውን መንደሩ ያውቀዋል። የማንን ክንድ አቅንቶ፣ የማንን እግር አጣምሞ እንደ ተወው ሁሉም ያስታውሳል፤ ሁለት ጊዜ ያጣመመ ወጌሻ ሦስተኛ አይጠራም። የልምድ አዋላጇም በእጇ ባለፉት እናቶች ትመዘን ነበር። ይህ ፈተና ሳይቋረጥ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ነበር፤ ጥያቄ ወረቀቱ ግን ሰው ነበር። ዘመናዊው ፈተና ያን ጭካኔ ያስቀረ ነው፤ ከሰው በፊት ወረቀት ይቀድማል። ይህን ያላስተዋሉ ሰዎች ፈተናውን የወጣቱን እንጀራ ለመዝጋት የተፈጠረ መሰናክል አድርገው ያዩታል።

በሌላ በኩል የሚነሣው ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «አገሪቱ ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ያህል ብቻ ይዛ፣ ስድስትና ሰባት ዓመት ያስተማረችውን ሰው ቤት ታስቀምጣለች፤ ወንበሩ ባዶ ከሚሆን ጥቂት የሚያውቅ ቢቀመጥበት አይሻልምን?» ይባላል። ለተራበ ሰው ጥሬም ምግብ ነው እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ባዶ ወንበርና ያልበቃ ሰው የተቀመጠበት ወንበር አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርሱም። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ያየች አዋላጅ ነርስ የአቅሟን ወሰን ታውቃለችና አምቡላንስ ትጠራለች፤ ሰው ቃሬዛ እንዲያነሣ ታደርጋለች። ያልበቃው ሰው ከተቀመጠበት ግን ሁሉም እርሱን ይጠብቃል፤ «ዶክተሩ አለ» ተብሎ ሌሊቱ ያልፋል። ግማሽ ዕውቀት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰርቀው ጊዜን ነው። የደም መፍሰስ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም።

ሆኖም ክርክሩ ግማሽ እውነት ይዟል፤ ወደ እርሱ መመለስ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን ስለ መደጋገም ሒሳብ የሚለውን መስማት ይጠቅማል፤ ሒሳብ እዚህ ላይ ከሥነ ምግባር ጋር ይገናኛልና።

ማንኛውም ፈተና ትንሽ ይሳሳታል። ያልበቃ አንድ ተፈታኝ በአንድ ፈተና በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ አሥር ነው ይባል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢፈተን ከዘጠና በመቶ በላይ በትክክል ይጣላል ማለት ባይቻልም ከመቶ ዘጠናውን ጊዜ ይጣላል። ዕውቀቱን ሳይለውጥ ስድስት ጊዜ ቢቀመጥ ግን ከስድስቱ በአንዱ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 47 ይደርሳል። ምንም ሳይማር፣ በመመላለስ ብቻ! በተቃራኒው የበቃ ሰው ይታሰብ፤ በራስ ምታት፣ በድንጋጤ፣ ጥያቄ በመሳት ከመቶ ሃያ ጊዜ ይወድቃል ይባል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የመውደቅ ዕድሉ ከመቶ አራት ነው፤ ሦስት ጊዜ የመውደቁ ከሺህ ስምንት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ መልእክታቸው ግን ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ውድቀት ስለ ሰውየው ብዙ አይናገርም። ሁለተኛው ይጠይቀዋል። በሦስተኛው ላይ «ዕድሌ ነው» የሚለው ቃል ከክርክሩ መውጣት አለበት።

በዓለም ላይ ለመደጋገም ወሰን የሚያበጁ አገሮች መነሻቸው ይኸው ነው። በአሜሪካ ለሕክምና ፈቃድ የሚሰጠው ፈተና ለእያንዳንዱ ደረጃ ስድስት ጊዜ መቀመጥን ይፈቅድ ነበር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ወደ አራት ዝቅ ብሏል። በብሪታንያም ከውጭ አገር ተምረው ለሚመጡ ሐኪሞች የሚሰጠው ፈተና በመደበኛው አራት ጊዜ ነው። ወሰኑ አራት ይሁን ስድስት፣ ያ የአስተዳደር ነገር ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ይኸውም በአንዱና በሚቀጥለው ፈተና መካከል ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ሒሳቡ የሚያስፈራው ተፈታኙ «ዕውቀቱን ሳይለውጥ» ሲመላለስ ነውና።

ብዙውን ጊዜ በመካከል የሚደረገው ይታወቃል። ወጣቱ በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቀድሞ ፈተናዎችን ስብስብና በቴሌግራም የሚዘዋወሩ ጥያቄዎችን ይሸመድዳል። የጥያቄውን መልክ ያውቃል፤ «ይህ ከመጣ መልሱ ሐ ነው» ይላል። በሽተኛ ግን አራት አማራጭ ይዞ አይመጣም። የራቤሏ እናት ደሟ የሚፈሰው ማሕፀኗ ስላልተኮማተረ ይሁን፣ የእንግዴ ልጁ ቀርቶ ይሁን፣ ተቀዶ ይሁን፣ ደሟ መርጋት እንቢ ብሎ ይሁን፣ ጠይቆ፣ ዳስሶ፣ በእጁ አግኝቶ የሚለይ ሰው ትፈልጋለች። በክፍሉ ተዘግቶ ሁለት ዓመት የቆየ ምሩቅ ምናልባት የፈተና ችሎታው ጨምሮ የሐኪም እጁ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ያለፈ ቀን ከወደቀበት ቀን ይልቅ ለበሽተኛ አደገኛ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ማለፍ መኖሩን ማሰብ ደስ አያሰኝም፤ አለማሰቡ ግን ይብሳል።

የጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት በዚህ ረገድ የሚያስተምረው ነገር አለው። የቅኔ ተማሪ ያዘጋጀውን ቅኔ ከየኔታ ፊት ቆሞ ሲያሰማ ብዙ ጊዜ ይወድቃል፤ ወድቆ ግን ባዶ እጁን አይመለስም። የኔታ የቱ ቃል እንደ ተሰበረ፣ ምሥጢሩ የት ላይ እንደ ሳተ፣ ቤቱ የት ላይ እንደ ጎደለ እዚያው ይነግሩታል፤ ያርሙታል። ተማሪው በማግስቱ የሚመለሰው እርማቱን ይዞ ነው። የድጓም ተማሪ እስኪያስመሰክር ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ተመለሰ የሚቆጥርበት የለም፤ በየመመለሱ መካከል ግን መምህር አለ። በዚያ ትምህርት ውድቀትና ትምህርት ሁለት ነገሮች አይደሉም። እርግጥ ነው፣ የኔታ በቁጣና በአርጩሜ ያጠፉት ልጅም ጥቂት አይደለም፤ ዱሮን ሁሉ ማሞገስ አይገባም። ነገር ግን «ወድቀሃል» ብሎ የት እንደ ወደቀ አለመንገር ከአርጩሜ የከፋ ነው።

ስለዚህ ኀላፊነቱ በአንድ ወገን ብቻ አይወድቅም። መዛኙ ክፍል የማለፊያውን ነጥብ ሲቆርጥ፣ በብዙ አገሮች እንደሚደረገው፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ተሰብስበው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ «ለጥቂት የበቃ ሐኪም ይህን ይመልሳልን?» እያሉ ይመክራሉ። ይህ ራሱ ያማረ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ከሁሉ የላቀውን አይፈልግም፣ አደራ የሚጣልበትን የመጨረሻውን ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ተጠንቅቆ የተቆረጠ ወሰን ግን ለወደቀው ሰው የሚደርሰው አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ከሆነ፣ የእነዚያ ሐኪሞች ምክክር ሁሉ በመንገድ ላይ ጠፍቷል። በማዋለድ ነው የደከመው? በሕፃናት ሕክምና ነው? በመድኃኒት መጠን ነው? ይህን ያላወቀ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚያጠናው አስቀድሞ የሚያውቀውን ነው፤ ሰው ሲፈራ ወደሚያውቀው ይሸሻልና።

ባዶውን ወንበር ይዞ የመጣው ክርክር የያዘው ግማሽ እውነትም እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል። የወደቀውን ምሩቅ ሐኪም አድርጎ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቤት ማስቀመጥም አይገባም። በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል፣ በደብረ ብርሃን፣ ፈቃድ ካለው ሐኪም ሥር ሆኖ፣ በሌላው ፊርማና ኀላፊነት፣ የደከመበትን ክፍል በእጁ ቢደግም፣ በሁለት ፈተና መካከል ያለው ጊዜ የባከነ አይሆንም። ወጪ አለው፤ ጊዜውን የሚሰጥ አንጋፋ ሐኪምም ይፈልጋል፤ ያም ሐኪም እንደሚታወቀው አስቀድሞ ሥራ በዝቶበታል። ነገር ግን ስድስት ዓመት ካስተማሩ በኋላ በሰባተኛው ዓመት መተው ከዚያ የበለጠ ያስወጣል።

ስለ ምክንያት ሲነሣ፣ ያለፉት ዓመታት በዚህ ደጋ ላይ ያሳለፉት ነገር ሳይነሣ መቅረት የለበትም። በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ ተማሪው ከበሽተኛ አልጋ ተለይቶ ወራት ቆየ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ በጣርማ በር አቅጣጫ እስከ መዘዞና ሞላሌ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ፣ መጽሐፉንና ጥያቄውን ከስልኩ የሚያነብ ተማሪ በጨለማ ተቀመጠ። ከላይ የተጠቀሰው ሒሳብ እያንዳንዱ ውድቀት ለብቻው የቆመ እንደ ሆነ አድርጎ ይቆጥራል። አንድ ጦርነት ሦስት ፈተና ላይ ጥላውን ሲጥል ግን ሦስቱ ውድቀቶች አንድ ውድቀት ናቸው። ፈተናው ይህን አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም። የምትደማው እናት «ሐኪሙ የተማረው በጦርነት ጊዜ ስለ ሆነ» ብላ ደሟን አታቆምም። ለወደቀው ሊሰጠው የሚገባው ዝቅ ያለ ነጥብ ሳይሆን ተጨማሪ ጊዜና መምህር ነው። ይህን ልዩነት አለማየት፣ በርኅራኄ ስም የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ማዞር ይሆናል።

«ፈተና» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙ ብቅ የሚለው ከአራተኛውና ከአምስተኛው ውድቀት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ወጣቱ የሚመጡ ሰዎች አሉ። አንዱ ጥያቄውን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ይናገራል። ሌላው ፈቃዱን ራሱን ወረቀትና ማኅተም አድርጎ እንደሚያመጣ፣ ዋጋውንም ጨምሮ፣ ያስረዳል። እነዚህ ሰዎች የሚሸጡት በውስጥ ፈቃድ ተቃጥሎ የውጪውን ላጣ ሰው ነው፤ ሰነፍ ሰው አይገዛቸውም። በዚህ መልኩ ሲታይ ጽናት አደገኛ ጎን አለው፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሐሰተኛ ወረቀት አይገዛም፤ የሚገዛው ተስፋ መቁረጥ ያልቻለው ነው። የያሬድ ትል ቅጠሉን ከዛፉ ሥር ገዝታ «ወጥቼ ነበር» ብትል ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? ዛፉ ዝም ይላል። በሽተኛዋ ግን ዝም የምትለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለዘለዓለሙ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ተነሥተው የሐኪሙ የውድቀት ቁጥር በፈቃዱ ላይ ይጻፍ፣ በሽተኛ የማወቅ መብት አለው ይላሉ። ሐሳቡ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ፈቃድ ስለ ዛሬ የሚናገር ምስክርነት ነው፤ «ይህ ሰው ዛሬ ብቁ ነው» ይላል። ዛሬ ብቁ ከሆነ ትናንት አለመሆኑ የበሽተኛዋ ጉዳይ አይደለም፤ ሁሉም ሐኪም ትናንት አያውቅም ነበር። ዛሬ ብቁ ካልሆነ ደግሞ ቁጥሩን መጻፉ አያድናትም፤ ራቤል ላይ ሌላ ሐኪም የላትምና። ስለዚህ ቁጥሩ ከሕዝብ ይሰወር፤ ከሐኪሙ ግን አይሰወር። በሦስተኛው ፈተና ያለፈ ሰው በመጀመሪያው ካለፈው ጋር በደመወዝም በማዕረግም እኩል ነው፤ እኩል መሆንም አለበት። የወደቀበትን ክፍል የሚያውቅ ሐኪም ሌሊት መጽሐፍ ለመክፈት አያፍርም፤ ጓደኛውን ለመጠየቅ አያፍርም። ወድቆ የማያውቅ ሐኪም ይህን ሳይማር የሚቀርበት ጊዜ አለ።

በባሕር ማዶ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ግን ይመሳሰላል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በታክሲና በመኪና ማቆሚያ ሥራ እየተዳደሩ፣ ሌሊት ሌሊት ለአሜሪካው የፈቃድ ፈተና የሚያጠኑ፣ በአገራቸው ግን ብዙ ሰው ያዳኑ ሐኪሞች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። እነርሱ ሲወድቁ የወደቀው እጃቸው ላይሆን ይችላል፤ ቋንቋው፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የሆስፒታሉ ሥርዐት ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ የዚያ አገር በሽተኛ የሚናገረው በዚያ ቋንቋ ነውና ፈተናው ስሕተት አይባልም። ፈቃድ ለሰው ብቻ አይሰጥም፤ ለአንድ ሰው በአንድ ሕዝብ መካከል ይሰጣል።

የመሐል ሜዳው ልጅ በሐሳብ የቆመ ነውና መጨረሻውን እንደ ወደዱ ማድረግ ይቻላል። ለአምስተኛው ፈተና ሲሄድ ይታይ። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአባቱ እውነቱን ነግሮታል። አባቱ ብዙ ዝም ብሎ፣ በመጨረሻ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «የምታዋልደዋ ሴት የእኛ እታለም ብትሆን፣ እጅህን ታምነዋለህ?» ልጁ ወዲያው አልመለሰም። «በማዋለዱ አሁን አምነዋለሁ፤ በሕፃናቱ ገና ነኝ» አለ። ጧት ጎሕ ሳይቀድ አባቱ በርኖሱን ደርቦ አውቶቡስ ድረስ ሸኘው። በገበያ መንገድ ላይ አንድ ጎረቤት አገኛቸውና «ዶክተር ወዴት ነው በማለዳ?» አለ። አባት ቀድሞ መለሰ፦ «ዶክተር ገና አልሆነም። ሊፈተን ነው።» አውቶቡሱ በሞላሌ በኩል ወደ ጣርማ በር ተነሣ።